ግራዝማችና እኔ

ልጄ እንግሊዝ አገር፣ ኖርዝሃምፕተን ካመጣችኝ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ብርዱን ችያለሁ። ለሳምንት ተደብቃ የምትከርመውን ፀሐይ ችያለሁ። በተወለድኩ በሰባ ስምንት ዓመቴ ቆሻሻ በየቀለሙ ለይቶ መጣል ተምሬያለሁ። ያልቻልኩት የጎረቤታችንን ሽማግሌዎች ነው።

ሽማግሌ ስላችሁ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ የሸክላ ናቸው። ቁመታቸው ከጉልበት አያልፍም፤ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ተዘርግቷል፤ አናታቸው ላይ እንደ በርበሬ የሾለ ቀይ ቆብ ደፍተዋል። እንግሊዞቹ «ኖም» ይሏቸዋል፤ እኔ ድንክዬ እላቸዋለሁ። ዘጠኝ ናቸው። አንዱ ዓሣ በሌለበት ገንዳ ላይ መንጠቆ ጥሎ ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃል። አንዱ ጋሪ ይዟል፣ ሲገፋ ግን ያየው የለም። አንዱ ፒፓውን ጎርሶ በጎኑ ተጋድሟል። በሩ አጠገብ ሆዱን ነፍቶ የቆመውን ትልቁን ግራዝማች ብዬዋለሁ። ባለቤታቸው ባልቴት ማለዳ ማለዳ ባወጣችለት ስም እየጠራች እንዴት አደርክ ትለዋለች፤ ስለ አየሩም ታጫውተዋለች። ለእኔ «ሃሎ» ትልና ታልፋለች።

መጀመሪያ ያየኋቸው ዕለት አማተብኩ። አድባር መስሎኝ ነበር። የአገር ቤቱ አድባር እንኳ ቡና ይፈላለታል፣ ንፍሮ ይቀቀልለታል፣ ቢያንስ ጎረቤት ተጠርቶ ይበላል። እነዚህ ዘንድ የሚቀመስ ነገር የለም። ልጄን «ጣዖት ነው እንዴ?» ብላት «ኧረ አባዬ፣ ጌጥ ነው፤ ቀስ በል ይሰማል» አለችኝ። ማን ነው የሚሰማኝ? ግራዝማች?

ማስፈራሪያ ይሆኑ እንዴ ብዬም አስቤ ነበር። ልጅ ሳለሁ ማማ ላይ ወጥቼ፣ ወንጭፍ እያጮህኩ ማሽላ ጠብቄያለሁና የማስፈራሪያን ሥራ አውቃለሁ። ማስፈራሪያ አሮጌ ኮት ለብሶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ነፋስ በመታው ቁጥር እየተወዛወዘ እንጀራውን ይበላል። ግራዝማች ግን ወፍ ቆቡ ላይ ዐርፋ የልቧን ሠርታ ስትሄድ እንኳ ፈገግታው አይጎድልም። ከዚያ ባልቴቷ ትወጣና ለብ ባለ ውሃ በጥርስ ብሩሽ ታጥበዋለች። በጥርስ ብሩሽ! የእኔ ብሩሽ ከጠፋ ሳምንቱ ነው፤ የጠየቀኝ የለም።

የልጅ ልጄ ብስጭቴን አይቶ ከስልኩ እያነበበ ያስረዳኝ ጀመር። ዘራቸው ከጀርመን ነው አለኝ። ቱሪንጂያ ውስጥ ግሬፈንሮዳ የምትባል መንደር አለች፤ እነ ፊሊፕ ግሪብል የሚባሉ የዚያች መንደር ሸክላ ሠሪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጭቃውን በቅርጽ እያወጡ፣ እያደረቁ፣ እየተኮሱ፣ ቀለሙንም በእጅ እየቀቡ ለዓለም አዳረሷቸው። ተረቱ የማዕድን ቆፋሪዎች ነው፤ ከምድር በታች ሀብት የሚጠብቁ ትንንሽ ሰዎች አሉ ብለው ያወሩ ነበር። ሸክላ ሠሪን አልነቅፍም። እኛ አገር ሸክላ ሠሪ ጀበና ሠራች፣ ምጣድ ሠራች፣ እንስራ ሠራች፤ ውለታዋን ቡዳ ብለን ከፈልናት፣ እሱ የራሳችን ነውር ነው። እኔ የምለው፣ ያ ሁሉ ጭቃና እሳት አልፎ ውሃ እንኳ የማይቀዳበት ሽማግሌ ምን ያደርጋል?

ወደዚህ አገር ይዟቸው የመጣው ሰር ቻርልስ አይሻም የሚባል ባላባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1847፣ ካሳ ገና ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ሳይጭን፣ ይህ ሰው ከኑረምበርግ 21 ድንክዬ አስጭኖ መጣና ላምፖርት በሚባለው ግቢው የድንጋይ ክምር ላይ ደረደራቸው። ላምፖርት ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ልጄ አንድ ቅዳሜ ይዛን ሄደች። ሰውየው ሥጋ የማይበላ፣ መናፍስት አሉ ብሎ የሚያምን ሰው ነበር አሉ። ሥጋ ባለመብላቱ አልፈርድበትም፣ እኛም የዓመቱን ግማሽ እንጾማለን፤ ብንጾምም ግን ድንክዬ አልታየንም። ሴት ልጆቹ የአባታቸውን ነገር አልወደዱትም፤ እሱ ሲሞት ድንክዬዎቹን አስለቅመው አስጣሏቸው ይባላል። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ተወሽቆ ቆይቶ ኋላ ተገኘ። ላምፒ ይሉታል። ዛሬ ኢንሹራንስ የተገባለት በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ነው።

ቁጥሩን የልጅ ልጄን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት መዝገብ ቤት አገልግዬ ስሰናበት ያገኘሁት ግድግዳ ሰዓት ነው፤ እሱም ወደ ኋላ ይቀራል። ስንመለስ መኪና ውስጥ «ለእኔስ ስንት ተገብቶልኛል?» ብል የልጅ ልጄ ትከሻዬን አቅፎ «አባባ፣ አንተ እኮ ዋጋ የለህም» አለኝ። ዋጋ አይተመንልህም ማለቱ ነው። አማርኛው የቅዳሜ ትምህርት ቤት አማርኛ ነው፤ ይገባኛል። ቢገባኝም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ደግሞ ሁሉም እንግሊዝ የሚያከብራቸው እንዳይመስላችሁ። የቼልሲው የአበባ ትርኢት፣ ንጉሣውያኑ ሳይቀሩ የሚገኙበት ትልቅ በዓል፣ ድንክዬ በደጄ እንዳይደርስ ብሎ ከልክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለዚያ ጊዜ ፈቀደላቸው፤ ኤልተን ጆንን የመሰሉ ዝነኞች ቀለም የቀቧቸው ድንክዬዎች ለበጎ አድራጎት ለጨረታ ወጡ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ግን የአጭር ጊዜ ቪዛ ትዝ አለኝና ከፋኝ። ገብቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቀኑ ሲደርስ ውጣ መባልን እኔ አውቀዋለሁ።

ዴቨን በሚባለው አውራጃ ደግሞ አንዲት ሴት ከ2000 የሚበልጡ ድንክዬዎች ሰብስባ ሕዝብ ታስጎበኝ ነበር። ለሚገባው ሰው ሁሉ ቀይ ቆብ ይታደል ነበር፤ ድንክዬዎቹ ባዕድ አይተው እንዳያፍሩ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነጠላ መልበስ የሚከብዳቸው የእኛ ልጆች እዚያ ሄደው ቢሆን ቆቡን ተሽቀዳድመው ያጠልቁት እንደነበር አልጠራጠርም።

ከሁሉ ያሳቀኝ፣ አልዋሽም፣ የፈረንሳዩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ «የአትክልት ድንክዬዎች ነፃ አውጪ ግንባር» የሚባል ተነሣ። ነፃ አውጪ፣ ግንባር! እኔ የሁለቱን ቃላት ጥምረት ስሰማ እስካሁን ሬዲዮ ልቀንስ እነሣለሁ። ታጋዮቹ በሌሊት በሰው አጥር እየዘለሉ ድንክዬ ይሰርቁና ወደ ተፈጥሮ ቤታቸው መለስናቸው ብለው ጫካ ይተዋሉ። ፖሊስ ይዞ ፍርድ ቤት አቁሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ብሪዬ በምትባል ከተማ 11 ድንክዬዎች ድልድይ ላይ ተሰቅለው ተገኙ። የእኛዎቹ ግንባሮች ተከፋፍለዋል፣ ተዋሕደዋል፣ እንደገና ተከፋፍለዋል፤ ግራዝማችን የመሰለ ዝም ብሎ የሚሰማ ሕዝብ ግን አላገኙም።

እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ግዙፍ መርከብ ስዌዝ ቦይ ላይ ተጋድሞ መንገድ ሲዘጋ የእንግሊዝ የአትክልት ሱቆች ድንክዬ አለቀብን ብለው አዘኑ፣ ወሬውም በጋዜጣ ወጣ። እኛ ወደብ ካጣን ስንት ዓመታችን ነው? እስቲ የትኛው ጋዜጣ ነው ያለቀሰልን!

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ባለፈው ሐሙስ በሆነው ነገር ተናድጄ ነው። ባልቴቷ እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ቁልፏን ይዛ መጣችና በልጄ አስተርጓሚነት አደራ አለችኝ። ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣው ውሃ ውርጭ ሲመታው በረዶ ሆኖ ያብጥና ሸክላውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ውርጭ ይመጣል ከተባለ ሽማግሌዎቹን አስገባልኝ ነው። እምቢ ልል አፌን ስከፍት ልጄ ቀድማ «በደስታ!» አለችልኝ።

አርብ ማታ ቴሌቪዥኑ ከዜሮ በታች ሦስት አለ። ካፖርቴ ላይ ጋቢዬን ደርቤ፣ ባትሪ ይዤ፣ እግዚኦ እያልኩ ወጣሁ። ስምንቱን አንድ በአንድ እንደ ሕፃን አቅፌ ኮሪደሯ ላይ ደረደርኳቸው፤ ዓሣ አጥማጁ መንጠቆውን አልለቅም ብሎ ጋቢዬን ቀደደው። ግራዝማች ከባድ ነው። የእሷን ደረጃ ይዤው መውጣት ስላቃተኝ በእኛ በር አስገባሁት። አሁን ክፍሌ ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ ቆሟል። ወገቤ እስካሁን አልተፈታልኝም። ባልቴቷ ማክሰኞ ትመለሳለች።