የጀርባ ቦርሳ ጠባይና አመል፦ ከሃዳር ጋኒም የተነሣ ጥናት

በፔታህ ቲክቫ፣ በሃዳር ጋኒም ሰፈር፣ ሐምሌ በገባ ቁጥር በየሕንፃው ደረጃ አንድ እንግዳ ፍጡር ሲወርድ ይታያል። ከኋላ ሲያዩት እግር ያወጣ ከረጢት ነው፤ ከፊት ሲያዩት ደግሞ በቅርቡ ከጻባ (ከእስራኤል ጦር) የተሰናበተ የጎረቤት ልጅ። ከጎንደር ስለመጡት ቤተ እስራኤላውያን፣ ስለ ሲግድ በዓላቸው፣ ስለ ቄሶቻቸው፣ ስለ ፍልሰታቸው ብዙ ተጽፏል። ይህን ፍጡር ግን ሊቃውንቱ ዘለውታል። ጥናቱ የቀረበው ክፍተቱን ለመሙላት ነው። ዘዴው እንዲህ ነበር፦ አጥኚው ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ገብቶ ተቀመጠ፣ የቀረበለትን ቆሎ ቆረጠመ፣ የሰማውን ጻፈ። ናሙናው ሳይንሳዊ አይደለም የሚል ተቺ ቢነሣ፣ በረካውን ሳይጠጣ የወጣ ሰው መሆን አለበት።

በቅድሚያ ብያኔ። የጀርባ ቦርሳ ተጓዥ ማለት ሸክም ለመሸከም ገንዘብ የሚከፍል ሰው ነው። በወገራም ሆነ በስሜን ሸክም የተሸከመ ሁሉ ወይ ተከፍሎት ነው፣ ወይ እህሉን ገበያ ሊያወርድ ነው፣ ወይ አህያ ስለሌለው ነው። ከሦስቱ አንዱም ለዛሬው ወጣት አይሠራም። አህያ የለውም ቢባል እንኳ ከፔታህ ቲክቫ እስከ ባት ያም የሚሄደው ቀይ መስመር ባቡር ከ2023 ጀምሮ ደጁ ድረስ መጥቶለታል። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የሚጠናውም ወደዚያው ስለሚሄድ።)

ከባዱ ጥያቄ የጉዞው ምክንያት ነው። የጎንደር ገጠር ሰው ያለ ጉዳይ መንገድ አይወጣም። ለለቅሶ ይወጣል፤ ለሰርግ፣ ለገበያ፣ ለሙግት፣ የታመመ ለመጠየቅም ይወጣል። ከእነዚህ ውጭ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ወይ ሽፍታ ነው ወይ ልቡ የተነካ። ስለዚህ በየሳሎኑ የሚካሄደው ምርመራ ቅርጹ አንድ ዓይነት ነው፦

«የት ነው የምትሄደው?»
«አውሮፓ።»
«እዚያ ማን አለህ?»
«ማንም የለኝም አባ።»
«ሰርግ ተጠርተህ ነው?»
«አይደለም።»
«ሰው ሞቶ ነው?»
«ኧረ አባ!»
«ታዲያ ምን ልትሠራ?»
«ዝም ብዬ ላይ ነዋ።»

እዚህ ላይ አባት ምንም ሳይናገሩ ወደ እናት ይመለከታሉ። እናት ወደ ምጣዱ ይመለከታሉ። አጥኚው ወደ ስኒው።

የገንዘቡን ምንጭ በተመለከተ ሕጉ ራሱ ሽሙጥ ያውቃል። ከጻባ የወጣ ወታደር ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለው። ማዕናክ የሚባለው በቀጥታ ባንክ ይገባለታል፣ እንዳሻው ያደርገዋል። ፒካዶን የሚባለው ተቀማጭ ግን ለትምህርት፣ ለጋብቻ፣ ለቤት፣ ንግድ ለመጀመር፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እንጂ ለኤፍል ግንብ አይፈታም፤ ነጻ የሚሆነው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ማዕናኩ ካልበቃ «ተመራጭ ሥራ» የሚሉት አለ፦ ነዳጅ ማደያ፣ ሆቴል፣ ግንባታ ወይም እርሻ ላይ ስድስት ወር የሠራ ተጨማሪ ድጎማ ያገኛል። እናም ልጁ ስድስት ወር ሙሉ ለሰው መኪና ቤንዚን ሲቀዳ ይከርማል፤ ዓላማውም በእግሩ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ቦርሳው ውስጥ እንግባ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ርካሽ የሚባለው አየር መንገድ በነጻ የሚፈቅደው 40 በ30 በ20 ሳንቲሜትር ነው። እናት ይህን ቁጥር ሲሰሙ የሚረዱት የበርበሬውን መያዣ ልክ ነው። ማሰናዳቱ ከቀትር በኋላ ተጀምሮ ሁለት ወገን ይለያል። ልጅ ሲያስገባ እናት ያወጣሉ፣ እናት ሲያስገቡ ልጅ ያወጣል። ካልሲ ወጥቶ በሶ ይገባል። የመዋኛ ቁምጣ ወጥቶ ዳቦ ቆሎ ይገባል። ድርቆሹ በሁለት ላስቲክ ታስሮ ከሥር ይነጠፋል፣ ሽሮው በፎጣ ይጠቀለላል። በርበሬው ላስቲክ ውስጥ፣ ላስቲኩ ጣሳ ውስጥ፣ ጣሳው ሌላ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ እንኳ ቱታውን ያቀላዋል። ኮሸር ሥጋ የማይገኝበት አገር እንዳይርበው የቱና ጣሳ በየጥጋጥጉ ይወሸቃል። በመጨረሻም እናት ከቀሚሳቸው ሥር ቋንጣ ያወጣሉ።

ቋንጣው የጥናቱን ሕጋዊ ምዕራፍ ይከፍታል። የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ከውጭ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል። ደንቡ ቋንጣንና ንጥር ቅቤን በስም አይጠራም፤ ያረቀቁት ሰዎች ስላልቀመሱት ይመስላል። እናቶች ግን የራሳቸው ትርጓሜ አላቸው፦ ሥጋ ማለት ደም ያለው ነው፣ ይህ ደርቋል። ትርጓሜው እስካሁን በየትኛውም ፍርድ ቤት አልተፈተነም።

«ይህ የዘመኑ ልጆች በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። ታሪክ አያግዛቸውም። ገና በ1905 አይሁዳዊው ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች ከቤተ እስራኤል መንደሮች ደርሶ ሲመለስ ሁለት ወጣቶችን ወደ አውሮፓ ወስዷል። አንደኛው ታምራት አማኑኤል ነበሩ፤ ፓሪስና ፍሎረንስ ተምረው በኋላ አዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት መሩ። ሌላው የቤተ እስራኤል ልጅ ዮና ቦጋለም ከኢየሩሳሌም አልፈው ፍራንክፈርት፣ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ተምረው ተመልሰዋል። የዛሬው ተጓዥ እነዚሁን ቦታዎች በሦስት ሳምንት ያዳርሳል። ልዩነቱ እነሱ ቋንቋ ይዘው ሲመለሱ፣ እሱ ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ይዞ መመለሱ ነው።

ማኅበረሰቡ በብዛት አውሮፓን የረገጠው ግን በሙሴ ዘመቻ ነው፤ መርገጥ ከተባለ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985 ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከካርቱም ተነሥተው በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። አውሮፕላኖቹ ትራንስ ዩሮፒያን ኤርዌይስ የተባለ የቤልጅግ ኩባንያ ነበሩ፤ ኩባንያው ሙስሊም ሐጃጆችን መካ ሲያደርስ ስለኖረ ካርቱም ውስጥ የተለመደ ነበር። የብራስልስ ጉብኝት ፕሮግራሙ አጭር ነበር፦ ነዳጅ ተሞልቶ እስኪያልቅ መቀመጥ። የሼንገን ስምምነት የተፈረመው በዚያው ዓመት በሰኔ፣ ዘመቻው በቆመ በአምስተኛው ወር ነው። አጥኚው በሁለቱ መካከል ግንኙነት ለማግኘት ብዙ ጥሯል፤ አልተሳካለትም።

ከብራስልስ በፊት የነበረው የእግር ጉዞ በዚህ ጥናት አይመዘንም። ከጎንደር እስከ ሱዳን፣ ሌሊት ሌሊት፣ ለሳምንታት፤ ከዚያም ኡም ራኩባና ሌሎቹ ካምፖች። በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። እዚህ የሚቀለድበት ነገር የለም። አጥኚው የሚመዘግበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያን መንገድ የሄዱ ወላጆች ለልጃቸው የሚሰጡት ምክር ሁሉ የዚያው መንገድ ምክር ነው። ውሃ እንዳታጣ። ከጓደኞችህ እንዳትለይ። ገንዘብህን አንድ ቦታ እንዳታኖር። የማታውቀው ሰው መንገድ ላሳይህ ቢልህ እንዳትከተል። ባርሴሎና ላይ ኪሱ የተዳበሰ ተጓዥ ሁሉ ከእነዚህ አንዱን የጣሰ ሆኖ ተገኝቷል። የጉዞ መጽሐፍ የሚያሳትሙ ድርጅቶች ሃዳር ጋኒም መጥተው ቢጠይቁ ብዙ ወረቀት ይቆጥባሉ።

የመስክ ምልከታ። ሆስቴል የሚባለው አዳሪ ቤት አሥራ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ያሳድራል። ወንድና ሴት መደባለቁ ለእናት አይነገርም። አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላስቲክ ያንኮሻኩሻል፣ የሁሉም ካልሲ መስኮቱ ላይ ተሰጥቷል። በሦስተኛው ቀን እግር ውሃ ይቋጥራል። በየባቡር ጣቢያው ሽንት ቤት ሳንቲም ይጠይቃል። ቬኒስ ከ2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት የቀን ጎብኚን መግቢያ ታስከፍላለች፤ ኬላ ማለት ነው፣ እሱስ በእኛም አገር ነበር። የመጀመሪያው የደስታ ቀን የሚመዘገበው ሽሮው የወጣ ዕለት ነው። የሆስቴሉ ማብሰያ ክፍል ውስጥ በርበሬ ዘይት ሲነካው የክፍሉ ሰው ግማሹ እየሳለ ይወጣል፣ ግማሹ ማንኪያ ይዞ ይመጣል።

ሮም ለብቻዋ ጥናት ትሻለች። ልጁ ከቴርሚኒ ጣቢያ ሲወጣ የሚቆምበት አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ልጁ ይህን ሳያውቅ እዚያው ተቀምጦ ፒሳ ይበላል። ፖርታ ካፔና ሲደርስ ደግሞ የአክሱም ሐውልት የነበረበትን ቦታ ያገኛል። እስራኤላዊ ፓስፖርት ያለው ሰው ያለ ቪዛ ሼንገን ውስጥ 90 ቀን መቆየት ይችላል፤ ሐውልቱ በ1937 ተወስዶ በ2005 ሲመለስ 68 ዓመት ቆይቷል፤ ቪዛ የጠየቀው የለም። ጓዙም ወደ 160 ቶን ስለነበረ በሦስት ተከፍሎ በሦስት በረራ ነው የተመለሰው። በተቃራኒው ጫፍ አበበ ቢቂላ አለ፦ በ1960 እዚያው ሮም ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ጓዝ በመቀነስ ረገድ ከዚህ የተሻለ ውጤት እስካሁን አልታየም።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቱ ልጅ ይህንኑ ሮም ለማየት ቢያምረው፣ ከ2024 ወዲህ ለማመልከቻው ብቻ 90 ዩሮ ከፍሎ፣ የባንክ ደብተሩን አቅርቦ፣ እንደሚመለስ አስረድቶ ይጠብቃል። የእሱ ጥናት የጀርባ ቦርሳ ሳይሆን የፋይል ይሆናል።

«ከየት ነህ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰበሰቡት መልሶች እንደ ጠያቂው ይለያያሉ። ለፖሊስ፦ እስራኤል። ሚላኖ፣ ፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ እንጀራ ለሚያቀርቡለት እናት፦ ጎንደር። በተሰባበረ አማርኛው «አንድ በያይነቱ፣ እባክሽ» ሲላቸው፣ አንቺ ስላላቸው ተቆጥተው እንደገና እንዲል ያደርጉታል፣ ከዚያ በነጻ ይጨምሩለታል። ለአውስትራሊያዊ የክፍል ጓደኛ መልሱ አይበቃም፤ «አይ፣ ከምር ከየት ነህ?» ይከተላል። ከሁሉ የተለየው ግን በባቡር ውስጥ የሚያጋጥመው ነው። ሁለት እስራኤላውያን ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ለሌላው በዕብራይስጥ «ቦርሳህን ጠብቅ» ይለዋል። ልጁም በዚያው ዕብራይስጥ «አይዟችሁ፣ እኔም የኔን እየጠበቅሁ ነው» ይላል። ቀጣዩ አንድ ሰዓት ጸጥታ ነው። ባቡሩ የአንዱን አገር ድንበር አልፎ ሌላው አገር የገባው በዚህ መሀል ነው፤ ማንም ወረቀት አልጠየቀም፣ ማንም አልተደበቀም፣ ስልኩ ላይ አንድ የእንኳን ደህና መጣህ መልእክት ብቻ ገባ።

እናት ማታ ማታ ይደውላሉ። ከተማዋ ውብ ናት ወይ አይሉም። ጥያቄያቸው ሁለት ነው፦ ምን በላህ፣ ሰንበትን የት ትውላለህ። ሁለተኛው ጥያቄ የብዙ ተጓዦችን የባቡር መርሐ ግብር አስተካክሏል። ልጁ ራሱ ሰንበት ላይ ያን ያህል ባይሆንም፣ ዓርብ ማታ ባቡር ውስጥ ሆኖ ስልክ ማንሣት ስለሚከብደው ቀድሞ አንድ ቦታ ያርፋል።

መስከረም ሲጠባ ቦርሳው ይመለሳል። ሳሎኑ ይሞላል፣ ስልኩ በእጅ በእጅ ይዞራል። ከበስተጀርባ 330 ሜትር የቆመውን የኤፍል ግንብ ማንም አላየውም። እናት ስክሪኑን በሁለት ጣት ለጥጠው የልጃቸውን ፊት ብቻ አጎሉና «ከስተሃል» አሉ። አባት ደግሞ ስንት ኪሎ ሜትር በእግሩ እንደሄደ ጠየቁ፤ ሰሙ፤ ቡናቸውን ጠጡ፤ አስተያየት አልሰጡም።

የጥናቱ ድምዳሜ፦ ቦርሳው ይጠባል፣ በርበሬው ይበዛል፣ ልጁም ይሄዳል። መፍትሔ የተገኘለት ክፍል የለም። ይህን ያነበባችሁ፣ በመጪው ሐምሌ በሚላኖ ወይም በፍራንክፈርት በኩል የምታልፉ ካላችሁ፣ ለዘመድ የሚደርስ ሁለት ኪሎ በርበሬ ሃዳር ጋኒም ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋልና ቦርሳችሁ ውስጥ ቦታ ተዉ። ቋንጣ ከሰጧችሁ ግን አትቀበሉ፤ ሕጉ አይፈቅድም።