ሦስት ሚስማርና አንድ አጎበር

ሊቀ ነቢያት ሙሴ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ቁጥር 5፣ አዲስ ሚስት ያገባ ሰው ወደ ዘመቻ እንዳይወጣና ምንም ዓይነት ሥራ እንዳይጫንበት፣ ይልቁንም አንድ ዓመት ሙሉ በቤቱ ተቀምጦ ያገባትን ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ደንግጓል። እኔን የሚገዛኝ ግን የሙሴ ኦሪት ሳይሆን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በመሆኑ፣ ይህም አዋጅ ለሚያገባ ሠራተኛ ከነደመወዙ የሚፈቅድለት 3 የሥራ ቀን ብቻ በመሆኑ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ልዩነቱን ባሰላው የ362 ቀን ደስታ ለባለቤቴ ዕዳ ሆኖብኝ ቀርቷል። ከሦስቱ ቀን አንዱ ከመልስ ስንመለስ በመንገድ አለቀ፤ ሁለተኛው በእንቅልፍ አለፈ፤ ሦስተኛውን ያጠፋሁት አጎበር ስሰቅል ነው።

አጎበር የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት የማውቀው በመጽሐፍ ብቻ ነበር። ተወልጄ ያደግሁበት የደብረ ብርሃን ደጋ፣ እንኳን ትንኝ ሰውም ጋቢ በጋቢ ደርቦ በመከራ የሚያድርበት አገር ስለሆነ፣ በዲያቆንነቴ ዘመን አጎበር ማለት በነገሥታት አልጋ ላይ የሚዘረጋ የክብር መጋረጃ ነው ብዬ ተምሬ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ትርጓሜ ለመጠየቅ ምክንያት አላገኘሁም። ስለዚህ ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳውን የጣርማ በር ዋሻ አልፌ ቆላ ወርጄ፣ ትዳር ይዤ፣ ገና በተክሊል የደፋሁት አክሊል ከራሴ የወረደ ሳይመስለኝ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጃችን መጥታ «አጎበር አላችሁ?» ብትለኝ፣ የሙሽርነት ማዕርጌ በመንግሥት ዘንድም የታወቀልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። እርሷ ግን ስለ ወባ ነበር የምትናገረው።

የምንኖረው በጨፋ ሮቢት፣ የምሠራው በከሚሴ ነው። ባለቤቴ መምህርት ናት፤ ትምህርት ቤቷ እዚሁ በመሆኑ ቤቱን የተከራየነው ለእርሷ እግር እንዲቀርብ ነው። በኦሮምኛ ሮቢ ማለት ረቡዕ፣ ከሚሳ ማለት ሐሙስ ስለሆነ፣ እኔ ከረቡዕ ተነሥቼ ሐሙስ ላይ ስሠራ ውዬ ማታ ተመልሼ ረቡዕ ላይ የማድር ሰው ነኝ። በነገራችን ላይ ቅቤው፣ ዕንቁላሉና ወተቱ ከየገጠሩ ተጭኖ ወደ ገበያ የሚጎርፈው በዚያው በጾሙ ቀን በሮብ መሆኑ፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ምንም የማይል ነገር ሲሆን፣ ለእኔ ግን በየሳምንቱ የሚታደስ ፈተና ነው። ከደሴ ተራሮች ተነሥቶ ኮምቦልቻን አልፎ የሚመጣው ቦርከና በጨፋ ሜዳ ላይ ሰፍቶ ይተኛል፤ ሌላው ቆላ በበጋ ሲነድ የጨፋ ሣር እርጥብ ነውና፣ የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን እየነዱ ይሰፍሩበታል። ሣሩን ያቆየው ውኃ ግን ትንኙንም አቆይቶ፣ ፀሐይ ገና ስታዘቀዝቅ ወደ ሙሽሮች ቤት ይልከዋል።

ሠርጋችን በጥር ወር ኮምቦልቻ ላይ ተደረገ። (በጥር ማግባት የአገር ወግ ቢሆንም፣ ዐቢይ ጾም በየካቲት ሲገባ የጥር ሙሽራ ምን እንደሚሰማው ያወቀው የጥር ሙሽራ ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።) የባለቤቴ ወገኖች እንደ ብዙው የወሎ ቤተ ሰብ ከሁለቱም ሃይማኖት የተዋለዱ ስለሆኑ፣ ሁለት በሬ በሁለት ቢላዋ፣ አንዱ በስመ ሥላሴ ሌላው በቢስሚላህ ታርዶ፣ ሁለት ድንኳን ተጥሎ፣ ጭፈራው ግን አንድ ሆኖ አመሸ። ከሁለቱም ድንኳን ስጦታ ጎረፈ። ቆጥረን መዝገብ ላይ ስናሰፍረው 68 ብርጭቆ፣ 7 ፔርሙስ፣ ደግሞም ለጨፋ ሙቀት ይሆኑ ዘንድ 4 ወፍራም ብርድ ልብስ ሆነ። መዶሻና ሚስማር ያመጣልን ሰው ግን ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ወገን አልተገኘም።

አጎበር በአራት ማዕዘኑ አራት ገመድ አለው። የተከራየነው ክፍል ግድግዳ ጭቃና ጭድ ሆኖ በላዩ ኖራ የተቀባ ሲሆን፣ ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ በሦስቱ ማዕዘን ሦስት ሚስማር ትቶልን፣ በአራተኛው ማዕዘን ደግሞ ሚስማሩን ሲነቅል አብሮ የወረደውን የጭቃ ገል የሚመሰክር፣ ድስት የሚያህል ጉድጓድ ትቶልን ሄዷል። በልጅነቴ በቆሎ ተማሪነት በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ቁራሽ ስለለመንሁ፣ ዛሬም ከሰው ደጅ ቆሜ አንድ ነገር ስጠይቅ ድምፄ ሳላስበው ወደዚያ ዜማ ያጋድላል። በዚያው ዜማ ከአከራያችን ደጅ ቆሜ መዶሻ ብለምናቸው፣ እርሳቸው ራሳቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ብቅ አሉና፣ «ልጄ፣ እንጀራ ከሆነ ግባና ብላ፤ ሚስማር ከሆነ ግን ያ ጉድጓድ ይበቃኛል» አሉኝ። ፊቴ ሲጠቁር አይተው ደግሞ፣ «አብሽር፣ መላ አይጠፋም» ብለው መረቁኝ።

መላው የእኔ እንዲሆን ፈለግሁ። አራተኛውን ገመድ ከወንበር መደገፊያ ጋር አሠርሁት፤ ወንበሩ እንዳይጎተትም 7ቱን ፔርሙስ ውኃ ሞልቼ በላዩ ደረደርኋቸው። ባለቤቴ ከአልጋው ዳር ቆማ ሁሉን ከተመለከተች በኋላ «መብራቱን ላጥፋው?» ብቻ አለች። እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ደጅ መውጣት አስፈለገኝ። አጎበሩ ትንኝ እንዳያስገባ ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ተጠቅጥቆ ነበርና፣ በዳበሳ አንዱን ጠርዝ ነቅዬ፣ ራሴን ካወጣሁ በኋላ እግሬን፣ እግሬን ካወጣሁ በኋላ ጋቢዬን አውጥቼ፣ ገና ሁለተኛውን እርምጃ ሳልራመድ ገመዱ ከደረቴ ገጠመኝ። ወንበሩ ሲወድቅ የተሰማውን ድምፅ ለመግለጽ የዮሐንስን ራእይ መጥቀስ ያስፈልግ ነበር። ውኃው ወለሉን ሞላው፤ አጎበሩም እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ በባለቤቴ ላይ ወረደ። ከመረቡ ውስጥ የተረጋጋ ድምፅ መጣ፦

«ስንት ቀረ?»

በጨለማ ዳብሼ ቆጠርሁና «አምስት» አልኋት።

«ይበቃናል» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

በማግሥቱ ማለዳ አከራያችን ጀበና፣ ረከቦትና ማጨሻ ይዘው፣ ሁለት ጎረቤቶች አስከትለው መጡ። ነገሩ ለካ፣ ሌሊት የተሰማው ኳኳታ በሰፈሩ ዘንድ የሙሽሮች ጠብ ሆኖ ተተርጉሟል። ሴትዮዋ ምንም ሳይጠይቁ ከሰሉን አያይዘው፣ ቡናውን ቆልተው፣ ጭሱን በየተራ ወደ አፍንጫችን ካቀረቡ በኋላ፣ አቦሉን ሲቀዱ ስለ ትዕግሥት፣ ቶናውን ሲቀዱ ስለ ባል ቁጣ፣ እየመረቁም እየመከሩም ቀጠሉ። ያልተጣላን ሰዎች እየታረቅን መሆናችን ቢገባኝም፣ እንዲህ ያለ ዱዓ ተደርጎለት «አልተጣላንም» ብሎ ማፍረስ ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ አንገቴን ደፍቼ በደለኛ ሆንሁ። ባለቤቴም ከንፈሯን ነክሳ ይቅር አለችኝ። እውነቱን የተናገረችው በረካው ከተጠጣ በኋላ ነው። አከራያችን እንባቸው እስኪፈስ ሥቀው ሲያበቁ፣ ለእኔ ተስፋ እስኪሰጠኝ ድረስ ቆዩና፣ «ሚስማሩ ግን አይሆንም» አሉ።

ያን ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ፣ ገመዱን ከመስኮቱ ብረት ጋር ልሠረው ወይ ብዬ ባለቤቴን ብጠይቃት «እንደ ወደድህ» አለችኝ። ወደ ከሚሴ በሚወስደኝ ሚኒባስ ውስጥ፣ አንድ የፍየል ሙክት ከእግሬ ሥር ተኝቶ፣ ይህን ቃል እንደ መጻሕፍት መምህራን አመሠጥረው ጀመር። እንደ ወደድህ አለች፤ የቤቱ ራስ አንተ ነህና ፈቃድህ ይሁን ስትል። አንድም፣ ትናንት ፔርሙሱን ስትደረድር መች ጠየቅኸኝ ስትል። አንድም፣ ገመድ የታሠረበት መስኮት አይዘጋምና፣ በተከፈተው መስኮት ትንኝ እንደሚገባ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ስትል። አንድም፣ እናቴ ነግራኝ ነበር ስትል። ቀኑን ሙሉ በሒሳብ መዝገብ ላይ ተደፍቼ ከአራቱ የትኛው እንደሚስማማ ስመዝን ውዬ፣ ማታ ስመለስ ጉዳዩን ባቀርብላት፣ «ውይ! የተማሪ ደብተር እያረምሁ ነበር እኮ፤ ምን እንደ ጠየቅኸኝም አልሰማሁ» አለች። ይህን አምስተኛውን አንድምታ ከመምህሮቼ አንዱም አልነገረኝም።

በዚሁ መካከል የጤፉ ነገር መጣ። እናቴ፣ ልጄ ማሽላ ሊበላ ወረደ ብላ ስታዝን ከርማ (ማሽላ ምን ኃጢአት እንዳለው አላውቅም፣ የጨፋ ሰው በእርሱ ነው የሚኖር)፣ አንድ ኩንታል ጤፍ በአይሱዙ አስጭና፣ «ሮቢት ለልጄ አድርሱልኝ» ብላ ሰደደችልኝ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ለረዳቱ ስደውል፣

«ሮቢት አውርደነዋል እኮ!»

«የትኛው ሮቢት?»

«ሮቢት ስንት ነው?»

ሮቢትስ በዚህ አውራ ጎዳና ላይ ብቻ ሦስት ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጡ በመጀመሪያ ሸዋ ሮቢት ይገኛል፤ ከሚሴን፣ ማለትም 325ኛውን ኪሎ ሜትር አልፎ ጨፋ ሮቢት አለ፤ ወደ ሰሜን የሚገፋ ሰው ደግሞ በቆቦ አጠገብ ሌላ ሮቢት ያገኛል። የእኔ ጤፍ በመጀመሪያው ሮቢት ከአንድ ሻይ ቤት ጥግ ቆሞ፣ ደንበኞች ክንዳቸውን እየደገፉበት ሻይ ሲጠጡ ሰነበተ። ከሸዋ ሮቢት ጨፋ ሮቢት ድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና፣ ለመጫኛ፣ ለማውረጃና ለአደራ ጠባቂው የከፈልሁትን ደምሬ እናቴ እንዳትሰማ መዝገቡን ዘጋሁት።

ኩንታሉ በመጨረሻ ደርሶ፣ ሁለት ወዛደሮች ተሸክመው አስገብተው «የት እናስቀምጠው?» ሲሉ፣ ባለቤቴ ጥቂት እንኳ ሳታመነታ በጣቷ አራተኛውን ማዕዘን፣ ያንን ጉድጓድ ያለበትን፣ አሳየቻቸው። እነርሱ ሲወጡ የከረጢቱን አፍ ፈታች፤ ከበሩ ኋላ ሄዳ የእኔን መቋሚያ፣ ከዲያቆንነቴ ዘመን ጀምሮ ሌሊት በማሕሌት የተደገፍሁበትን፣ አመጣች፤ በሁለት እጇ ይዛ እስከ ግማሹ ጤፉ ውስጥ ተከለችው፤ አራተኛውንም ገመድ ከመስቀልኛው ራሱ ላይ አሠረችው። አጎበሩ በአንድ ወገን ክንድ ያህል ዝቅ ከማለቱ በቀር ቀጥ ብሎ ቆመ።

እኔ መቋሚያው ለዚህ ሲውል ባየሁ ጊዜ ኅሊናዬ ተነሣብኝ። ንዋየ ቅድሳት ባይሆንም የምስጋና መሣሪያ ነውና፣ በትንኝ መከላከያ ምሰሶነት መሾሙ ይገባል አይገባም በማለት ከራሴ ጋር ተከራከርሁ። ኋላ ግን መቋሚያ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ሰው እንዳይወድቅ የሚደግፍ መሆኑን፣ አሁንም ሌሊቱን ሙሉ የሚቆምን ነገር እንዳይወድቅ መደገፉን አስቤ፣ ሥራው አልተለወጠም ብዬ ፈረድሁ። አከራያችንም ጠዋት መጥተው አይተው «ማሻ አላህ!» አሉ፤ ግድግዳቸውንም ዳበስ ዳበስ አድርገው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ጠብ የሚመስል ድምፅ ከቤታችን አልተሰማም፤ አንድ አዲስ ችግር ግን ተገኝቷል። ባለቤቴ ለእንጀራ ከከረጢቱ በቀዳች ቁጥር መቋሚያው ሥር እያጣ ያዘነብላል። የኮምቦልቻ ዘመዶች ሙሽሮቹን ልንጠይቅ ብለው በመጡበት ሳምንት ብቻ አንድ ስንዝር ያህል ወደ አልጋው ሲያጋድል፣ አጎበሩም በዚያው መጠን ወደ አፍንጫችን ቀርቧል። ጾሙ ከገባ ወዲህ ደግሞ ሽሮ እንጀራ ይጠይቃልና አወራረዱ ፈጥኗል። ዛሬ ማለዳ በክንዴ ብለካው ከግማሽ በታች ደርሷል።

ስለዚህ እናቴ ሆይ፣ ብርጭቆ አትላኪ፤ 68 አለን። ጤፍ ከላክሽ ግን፣ ለረዳቱ ከሚሴን ካለፈ በኋላ ነው በይው፤ በከረጢቱም ላይ በሁለቱም ወገን በጉልህ ፊደል «ጨፋ» ብለሽ አስጽፊበት።