ከጨረቃ በፊት ጉምቦን

የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዜና አዘውትሮ የሚያነብ ሰው፣ የዓለም ሊቃውንት ስለ ሰዓት ያላቸው ጭንቀት ሳይገርመው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ ቬርሳይ ላይ ተሰብስበው፣ በየጥቂት ዓመቱ ሰዓት ላይ የምትጨመረው አንዲት ትርፍ ሰከንድ እስከ 2035 ድረስ እንድትቀር ወሰኑ። በ2024 ደግሞ ዋይት ሀውስ ናሳን ለጨረቃ የራሷን ሰዓት እንዲያወጣላት አዘዘው፤ ጨረቃ ላይ የስበት ኃይል ስለሚያንስ ሰዓት በቀን 58.7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማልና። ማይክሮ ሰከንድ የአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ናት። እሰየው፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። ጨረቃ ላይ ግን ለጊዜው ቀጠሮ ያለው ሰው የለም። ቀጠሮ ያለው ሰው ጉምቦ ነው ያለው፤ እሱና ስልኩ የሚለያዩት ደግሞ በማይክሮ ሰከንድ ሳይሆን በስድስት ሰዓት ነው።

ጉምቦ ደቡብ ሱዳን ውስጥ፣ ነጭ ዓባይን በጁባ ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ፣ በምሥራቁ ዳር የሚገኝ ሰፈር ነው። ወደ ኒሙሌና ወደ ኡጋንዳ የሚወስደው 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት በዚያው በኩል ያልፋል። ጁባ ውስጥ ሆቴሉንም፣ ሱቁንም፣ የውሃ ቦቴውንም ሲሠራ የኖረው ሐበሻ የሰዓት አቆጣጠሩንም ይዞ ነው የገባው። ድሮ ጁባና አዲስ አበባ እኩል ነበሩ። ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ግን ደቡብ ሱዳን ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች። ኮምፒውተሮችና ስልኮች የየአገሩን ሰዓት የሚያውቁት ከአንድ የጋራ መዝገብ ነው፤ የሚጠብቁት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የደቡብ ሱዳን ለውጥ የገባበት እትም የወጣው ቀኑ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው ነበር። ሮኬት ሲተኮስ ዓለም ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ይህችን መስመር የጻፈውን ሰው ግን ማንም አላጨበጨበለትም። በነገራችን ላይ ይኸው መዝገብ ስለ እኛም የሚለው አለው። አዲስ አበባ ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ትቀድም ነበር፤ ድፍን 3 ሰዓት የሆነችው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው ይላል። የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባ ዕለት መሆኑ ነው። ፋሺስት በዚያ ቀን 24 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ወስዶብናል ማለት ነው፤ ካሳ የጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም።

የደቡብ ሱዳን ውሳኔ ለሐበሻ ሳይታሰብ የዋለው ውለታ አለ። ምድር በ24 ሰዓት ስትካፈል ለአንዱ ሰዓት 15 ዲግሪ ይደርሰዋል። ጁባ ያለችው 31 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለሆነ ከፀሐይ የሚገባት 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ነው፤ አሁን የያዘችው 2 ሰዓት ነው፣ ከዚህ በላይ መቀራረብ የለም። አዲስ አበባ ግን 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ሲገባት 3 ይዛለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲል ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ ዓመቱን ሙሉ ታረፍዳለች። ጉምቦ ላይ 12 ሲል ግን ወይ ወጥታለች ወይ ብቅ ልትል ነው። ቀንን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ነው የአቆጣጠራችን መሠረቱ ከተባለ፣ ትክክለኛውን የሐበሻ ሰዓት ማየት የሚሻ ሰው ለደቡብ ሱዳን ቪዛ ቢያመለክት ይሻለዋል።

ወደ ስልኩ እንመለስ። ቋንቋውን አማርኛ፣ ሰዓቱን ባለ 12 አድርጋችሁ ጉምቦ ላይ ከራት በኋላ ብታዩት «8:00 ከሰዓት» ይላችኋል። ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ትንኝ ሥራ ጀምሯል፤ ጄኔሬተሩ ይጮኻል። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ከሰዓት 8 ማለት ምሳ በልቶ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ነው። ስልኩ ፊደሉን አውቆ ሰዓቱን ስቷል። የሚገርመው ደግሞ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ሶፍትዌሩ ሊቅ መሆኑ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 የኮምፒውተር ፊደላት የጋራ ሥርዓት በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ አሥራ ሦስተኛዋ ወር ጳጉሜን አልተረሳችም፤ እንዲያውም በዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ጨምሮ በዓመተ ዓለም የሚቆጥር አማራጭ ሁሉ አለው። የሰዓት አቆጣጠር ላይ ሲደርስ ግን የሚያውቀው አራት ዓይነት ብቻ ነው፤ ከ0 እስከ 11፣ ከ1 እስከ 12፣ ከ0 እስከ 23፣ ከ1 እስከ 24። ከአራቱ አንዱም ከንጋት አይነሳም። ዓለም ከተፈጠረ ስንት ዓመት እንደሆነ የሚነግር ስልክ፣ ከነጋ ስንት ሰዓት እንደሆነ መናገር ያቅተዋል።

«ዓለም በአንድ ሰዓት ሲሄድ እኛ ብቻ ለምን እንለያለን?» የሚል አይጠፋም። እኛ ብቻ አይደለንም። ከኒሙሌ ጭነት ይዞ ጉምቦ የሚደርሰው የስዋሂሊ ተናጋሪ ሾፌር «ሳ ታቱ» ሲል የሐበሻውን ከጧቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ሁለቱ ሰዎች ተስማምተዋል፤ ከእነሱ ጋር ያልተስማሙት ስልኮቻቸው ናቸው። «መተግበሪያ አለ እኮ» ለሚለውም፣ አዎ፣ የሐበሻ ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ ሞልቷል፤ ነገር ግን መቀስቀሻ ደወሉ፣ የመልእክቱ ሰዓትና የአውሮፕላን ቲኬቱ እሱን አያዩትም። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስተካክለዋል» የሚለው የዘመኑ መልስ ደግሞ የባሰ ነው። አስተውሎቱ የሚማረው ከጽሑፍ ነው፤ እኛም ስንጽፍ «3 ሰዓት» ብለን በፈረንጅ ይሁን በሐበሻ ሳንለይ እንተወዋለን። ስድስት መቀነስ ለሚበቃው ነገር፣ መብራት የሚጨርስ ግዙፍ ማሽን ቁጭ ብሎ እንዲገምት ማድረግ ምን የሚሉት ሥልጣኔ ነው?

አንድ የፕሮግራመሮች ተቃውሞ ግን ክብደት አለው። ቀኑ ከንጋት የሚጀምር ከሆነ ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት የየትኛው ቀን ነው? ስልኩ በእኩለ ሌሊት እሁድ ብሏል፣ ሰውየው ገና ቅዳሜ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ስድስት መቀነስ ብቻውን አይበቃም። ሐበሻ ግን ይህን ጣጣ ኮምፒውተር ሳይኖር ፈትቶታል፤ «ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ይላል፣ አለቀ። ይህችን መመሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ማስገባት አማርኛ የሚያውቅ ፕሮግራመር በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሰው ሥራ ይመስለኛል፤ ከሰዓት በኋላው መቼ እንደሆነ ግን ስልኩን እንዳይጠይቅ።