የሚያልፍ መኪና እንግዳ አይደለም

አስፋልት መሃል ለመሃል የሰነጠቀው ከተማ ነዋሪ ለመኪና ያለው ፍቅር ግራ ያጋባል። ሌሊት ሲኖትራክ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ሕፃኑ ይባንናል፣ ጠዋት አቧራው ከተሰጣው በርበሬ ጋር አብሮ ይፈጫል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሾፌር ሲራገም ይውላል። ማታ ላይ «መንገዱ ከተማዋን ትቶ በዳር ሊዞር ነው» የሚል ወሬ ሲሰማ ግን ያው ሰው «ሊገድሉን ነው!» ብሎ ይነሣል። እኔ ደግሞ ከተማን የሚያበላት የሚቆም መኪና እንጂ የሚያልፍ አይደለም ባይ ነኝ። የሚያልፈውማ ጡሩምባውንና ጭሱን ትቶ ይሄዳል፤ ለጭስ ደግሞ እስካሁን ደረሰኝ የሚቆርጥ ማዘጋጃ ቤት አልተሰማም።

ለዚህ ክርክር ከሀዲያዋ ሆሳዕና የተሻለ ምስክር የለም፤ ሆሳዕና ራሷ የባይፓስ ተጠቃሚ ናትና። ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሰው ድሮ መንገዱ በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ ነበር፤ ከዚያ በሀላባ ቁሊቶና በሾኔ አድርጎ ሶዶ ይገባል። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ፣ በወራቤና በሆሳዕና አልፎ፣ ዶዮገናን ነክቶ ሶዶ የሚወርደው አስፋልት ሲሠራ ጉዞው አጠረ፤ ሾፌርም ለነዳጅ ሲል ታማኝነቱን ቀየረ። ባይፓስ የሚሉት እንግዲህ ይህንን ነው፤ ልዩነቱ የዞረው አንዲት ከተማን ሳይሆን ግማሽ ስምጥ ሸለቆን መሆኑ ነው። ከታለፉት አንዷ ሾኔ ደግሞ የሀዲያው የባደዋቾ ከተማ ናት። ሆሳዕና ስለ ባይፓስ ብታለቅስ መጀመሪያ እህቷን ሾኔን ይቅርታ መጠየቅ ይኖርባታል። ደግነቱ ሾኔም አልሞተችም፣ ሀላባም በርበሬዋን እየሸጠች ነው። ነጋዴ ሀላባ የሚገባው በርበሬ ፈልጎ እንጂ መንገድ ስቶ አይደለም፤ በርበሬ ፈልጎ የሚመጣን ሰው ደግሞ የትኛውም ግሬደር አቅጣጫውን አያስቀይረውም።

ዱራሜን ተመልከቱ። የከምባታ መዲና ሆና ሳለ ከሁለቱም ታላላቅ መንገዶች ገባ ብላ ተቀምጣለች። አላፊ መኪና የከተማ እስትንፋስ ቢሆን ኖሮ ዱራሜ እስካሁን ተዝካሯ በወጣ ነበር። እሷ ግን ገበያዋን፣ ቢሮዋንና ተማሪዋን ይዛ ትኖራለች፤ ይባስ ብሎ በአቅራቢያዋ ያለው አምበሪቾ ተራራ ላይ 777 ደረጃ ተሠርቶ የከተማ ሰው ከአስፋልቱ ታጥፎ፣ መኪናውን ከታች አቁሞ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል። መኪና ፈጽሞ የማይደርስበት ቦታ መኪና ሲያስቆም ማየት የትራንስፖርት ሊቃውንትን ትሕትና ሊያስተምር ይገባል።

የሆሳዕናም ጓዳ ቢፈተሽ የሚገኘው ይኸው ነው። ሰው የሚመጣባት የዞን መቀመጫ ስለሆነች፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ጉዳይ ስላለባት፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ልጁን ስላስገባ፣ ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል ዘመዱን ስላስተኛ ነው። ለመስቀል፣ ለያሆዴ የሚገባው ልጅም አተካና ሊበላ ነው የሚመጣው፤ ባይፓስ ላይ አተካና የምታቀርብለት እናት የለችውም። ፎቁስ? ብዙው የቆመው ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ በሚያድሩ ልጆች ላብ ነው። ያ ገንዘብ መናኸሪያ አይረግጥም፣ ተሳቢ ላይም አይጫንም።

«በአሜሪካስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ መንገድ 66 የሚባለው ዝነኛ ጎዳና በአዳዲስ አውራ ጎዳናዎች ተተክቶ በእነሱ አቆጣጠር በ1985 ከመዝገብ ሲሰረዝ፣ በዳሩ የነበሩ አንዳንድ ከተሞች ወና ቀርተዋል። ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ በረሃ መሃል ከነዳጅና ከአልጋ በቀር ብዙ መተዳደሪያ ያልነበራቸው ነበሩ። ዙሪያዋን እንሰት የተተከለባት፣ ቆጮና ቅቤ ከየቀበሌው የሚወርድላት ከተማ ከነዚያ ጋር አትመዘንም። ለአገራችን የሚቀርበው ምሳሌ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው። ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን ትቷቸው ሲያልፍ የተፈራው ብዙ ነበር፤ ቢሾፍቱ ግን ሐይቆቿን ማንም ስላልወሰደባት ቅዳሜና እሑድ ሰው ከፍጥነት መንገዱ ወርዶ፣ ከፍሎ ይገባባታል።

የማልመልሰው ተቃውሞ አንድ ብቻ ነው፤ የጉልቷ ሴት። አውቶቡሱ ቀዝቀዝ ሲል በመስኮት በቆሎ እሸትና አቮካዶ የምታቀብለው እሷ በእርግጥ ትከስራለች፤ ለእሷ ስለ ዩኒቨርሲቲና ስለ ክልል መቀመጫ ቢወራላት በቆሎው አይሸጥም። መገንጠያው ላይ መኪና ተረጋግቶ የሚቆምበት፣ ጥላና ውኃ ያለው ቦታ ከአስፋልቱ ጋር አብሮ ካልተሠራላት የኔ ክርክር የፎቅ ባለቤት ክርክር ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ የሚያሾፍ ቀልድ የለኝም።

የምፈራው ግን ከተማዋ እንዳትሞት ሳይሆን ባይፓሱ እንዳይሞት ነው። አዲስ አበባን በዳር እንዲከብ የተሠራው ቀለበት መንገድ ሃያ ምናምን ዓመት ሳይሞላው የት እንደገባ ተመልከቱ፤ ቀለበቱን ጣት ላይ አደረግነው ስንል ከተማው ዋጠው። የእኛ ከተማ ከመንገድ አትርቅም፤ መንገድ ወደ ዳር ሲሸሽ ተነሥታ ትከተለዋለች። መጀመሪያ አንድ ጎሚስታ አሮጌ ጎማ ዳገቱ ሥር ያቆማል። ጎማ እስኪለጠፍ የሚጠብቅ ሰው ቡና ያምረዋልና አጠገቡ ጀበና ይጣዳል። ቡና ባለበት ባጃጅ አይጠፋም፣ ባጃጅ ባለበት ተራ አስከባሪ ይበቅላል፣ ከዚያ ቀበሌው ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራል። አሥር ዓመት ቆይቶ ሲኖትራኩ እዚያው መሃል ቆሞ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ የመስኮቱ ባለቤት ሌሊት እየባነነ ይራገማል፤ ሌላ ባይፓስ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ እስኪሰማ ድረስ።