ትንሽ የሸራ መርከብን በሥርዓት የማስጠም መመሪያ

ጋቦዴ ተቀምጦ፣ በሪሞት የምትነዳ ባለ አራት ማዕዘን ሸራ ትንሽ መርከብ ሠርቶ በጅቡቲ ባሕር ላይ ለማስጠም የሚሻ ሰው የሚከተለውን ቢፈጽም ዓላማው ያለ ብዙ ድካም ይሳካለታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ጌጡ ይቅደም። በ1541 እ.ኤ.አ. 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ወደ ምጽዋ ከመጡባቸው መርከቦች አንዷ ናት ተብሎ ለወዳጅ ከተነገረ በኋላ፣ መድፉ ከነሐስ፣ መልሕቁ ከብረት፣ ካፒቴኑ ከነጺሙ ተሠርቶ ከላይ ይደርደር፤ የላዩ ክብደት በጨመረ ቁጥር የተመልካች አድናቆት ይጨምራልና። ገመዶቹም አንድ ሳይቀሩ ይወጠሩ፤ የሚጎተቱት ከማይጎተቱት ባይለዩም ግድ የለም።

ማመጣጠኛው፣ ማለትም መርከቧ ቀጥ ብላ እንድትቆም ከሥር የሚታሰረው እርሳስ፣ ፎቶግራፍ ላይ ስለማይታይ ይቅር። መርከብ በርዝመት 50 ጊዜ ስታንስ የሸራዋ ስፋት 2,500 ጊዜ፣ ክብደቷ ደግሞ 125,000 ጊዜ እንደሚቀንስ፣ ነፋሱ ግን አብሮ እንደማያንስ፣ ስለዚህም ትንሿ ከትልቋ ይልቅ በቀላሉ እንደምትገለበጥ የሚያስረዳ ቢመጣ፣ «የዚህች ነገር ሌላ ነው» ተብሎ ይሸኝ። ከሆዷ በታች ጠልቆ የሚወርድ፣ ጫፉ ላይ እርሳስ የተሸከመ ተነቃይ ክንፍ ይሠራላት የሚለውም «መልኳን ያበላሻል» ይባል። መስኮት በመቀባት ወራት የፈጀ ሰው መርከቧን ገንዳ ውስጥ ለመሞከር አንድ ሰዓት ማጣቱ ግን ስንፍና እንጂ ሌላ ስም የለውም፤ ያሳፍራልም! ይሁን እንጂ መመሪያው ይቀጥላል።

አግዳሚዎቹን፣ ማለትም ሸራዎቹ የሚሰቀሉባቸውን ተሻጋሪ እንጨቶች፣ የሚያዞሩት ሰርቮ የተባሉ ትንንሽ ሞተሮች ናቸው። የፊትና የመካከል ምሰሶ አግዳሚዎች ለየብቻ ቢታዘዙ መርከቧ በነፋስ ፊት መዞር ስለሚቀናት፣ ሁሉም በሙጫ ይጣበቁ።

ለመንዳት ከሰኔ እስከ መስከረም ከምዕራብ የሚነፍሰው ካምሲን የተባለው ትኩስና አቧራማ ነፋስ ይመረጥ፤ ከሲየስታ ዳርቻ መርከቧን ወደ ጥልቁ ራሱ ይሸኛታልና። ስለ መመለሻው አይታሰብ። ባለ አራት ማዕዘን ሸራ መርከብ አፍንጫዋን ከነፋሱ መምጫ ከ60 ዲግሪ በላይ ካላራቀች እንደማትሄድ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራዋ ሳንቡክ የተባለችው ጀልባ ግን ይበልጥ ቀርባ እንደምትሄድ የሚያውቅ ጀልበኛ አጠገብ ቢኖርም አይጠየቅ። መርከቧ ስትሰጥም ጥፋቱ የባትሪው ነው።

መንሳፈፍን የሚመርጥ ካለ ግን አስቀድሞ እርሳሱን ይግዛ፤ መድፉ ይደርሳል።