ዛሬ ደግሞ የግራው

ጠዋት ስልኬ ሲጮህ ምን እንደሚባል ሳላነሳው አውቀዋለሁ፦ «ወንድሜ፣ ሰንሰለቱ ወለቀ!» እንዴት አደርክ የለ፣ ደህና ነህ ወይ የለ። የት እንደወለቀም አልጠይቅም። ዳገት ላይ ወይ ቦይ አፋፍ ላይ ነው። እዚህ መቱ ከተማ ውስጥ ሰንሰለት ደረቅ ሜዳ ላይ ወልቆ አያውቅም።

የቱቦ ቦይ የምትቆፍረዋ ትንሿ ኤክስካቫተር ላያት ሰው ታምራለች። ሰንሰለቷ ግን ጎማ ነው። የዶዘር ሰንሰለት ፒኑ ተመትቶ ይፈታል፤ ይህኛው መፍቻ የሌለው ወጥ ቀለበት ነው። በክንዷና በምላጯ ተጭነህ ከመሬት ታነሳታለህ፣ የመወጠሪያውን ግራሶ ታስተነፍሳለህ፣ ከዚያ በድጅኖ መፈልቀቅ ነው። ጎረቤታችን ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ እዚህ አገር ምላጩ ራሱ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። እንግዲህ ግንድ ፈልግ፣ ድንጋይ ተሸከም!

የግራሶው ቫልቭ ቀስ ተብሎ፣ ወደ ጎን ተቁሞ ነው የሚላላው። ግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል። ስንቴ ተናገርን? ረዳቱ ግን ፊቱን ቫልቩ ላይ ደፍቶ ይፈታል።

ጭቃው ሲጠቀጠቅ ሰንሰለቱ ይወጠራል፣ ኦፕሬተሩም ያላላዋል። ዝናብ ሲያጥበው ይረግባል፤ ያኔ ዳገት ላይ ባለችበት ሲያሽከረክራት ይወልቃል። ለሎቤድ ኪራይ የሚሰስት ባለቤት ደግሞ አለ፤ ከሰፈር ሰፈር በኮብልስቶን ላይ ያስነዳታል። የቆጠባት ብር በጎማው ቡጭቅ ትወጣለች።

መለዋወጫው ያለው 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አዲስ አበባ ነው። ጎማው ላይ 300 በ52.5 በ80 ተብሎ ይጻፋል፤ ስፋቱ፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት፣ የጥርሱ ብዛት። ባለፈው ክረምት ጽሑፉ ተፍቆ ባለቤቱ በጣታቸው ቆጠሩ። ክብ ነገር ምልክት ሳይደረግበት ሲቆጠር መጀመሪያው ይጠፋል። «82» ብለው በስልክ አዘዙ። ከሳምንት በኋላ መጣና ገጠምነው። ግራሶ ሞላን፣ አሁንም ሞላን፤ መወጠሪያው ወጥቶ አለቀ፣ ጎማው ግን እንደ ሰው ቀበቶ ይንጠለጠላል። ሁለት ጥርስ ማለት 105 ሚሊ ሜትር ትርፍ ነው። መጥኖ መደቆስ ድሮ ነበር።

«ጋሼ፣ ማታ ማታ ጭቃው በአካፋ ቢጠረግ እኮ ይህ ሁሉ ባልመጣ» አልኳቸው።

«ማሽኗ የምትከራየው በሰዓት ነው» አሉኝ፤ «ጭቃ የሚጠረግበትን ሰዓት ማን ይከፍለኛል?»

መልስ አጣሁ። ኦፕሬተሩም የሚከፈለው ለቆፈረበት ነው፤ አካፋውን የሚያነሳ የለም። ጭቃው እዚያው ያድራል፣ ሲነጋ እንደ ሸክላ ደርቆ ይጠብቀናል።

ይኸው፣ ስልኩ ጮኸ። የቀኙን ትናንት ነው ያስገባነው።