የሌለበት ነገር ስንት ያወጣል?

ድሮ ሰው ዕቃ ሲገዛ «ምን አለበት?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው። ዛሬ እዚህ ሜሪላንድ የሚሸጠው የሌለበት ነገር ሆኗል። የልጅ ልጄ ለፊትዎ ድርቀት ብላ ያመጣችልኝ ቅባት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ላንብብላችሁ፤ ፓራቤን የለበትም፣ ሲሊኮን የለበትም፣ የፔትሮሊየም ዘር የለበትም፣ ሰልፌት የለበትም። ሰልፌት እኮ የሻምፑ አረፋ ማውጫ ነው! የፊት ቅባት ሰልፌት የለብኝም ብሎ ከፎከረ፣ እኔም በሬ ሰርቄ አላውቅም ብዬ ሽልማት ልጠይቅ?

መጠኑ 50 ሚሊ ሊትር፣ ዋጋው 68 ዶላር። «አባባ፣ ይሄ እኮ ክሊን ነው። ያ ቫዝሊንዎ መርዝ ነው፤ ይጣሉት» አለችኝ። መርዝ! እናቷን ከነወንድሞቿ ያሳደግሁበትን ቫዝሊን! ሮበርት ቼዝብሮ የሚባለው ሰው የፈጠራ መብቱን ያወጣው በ1872 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው)። በየቀኑ አንድ ማንኪያ ይውጥለት ነበር ይባላል። እናንተ እንዳትሞክሩት፤ ሰውየው ግን የሞተው በ96 ዓመቱ ነው።

«ክሊን» የሚለውን ማዕረግ ማን ሰጠው ብዬ አጠያየቅሁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሕግ የደነገገው መለኪያ የለም። ዋናው ሕግ የ1938 ነው፤ በ2022 ጠበቅ ሲደረግም መለኪያ አላበጁለትም። ስለዚህ ሻጩ ራሱ ይከሳል፣ ራሱ ይፈርዳል፣ ሂሳቡንም ራሱ ይቀበላል።

ከተከሳሾቹ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ፓራቤን ነው። ቅባት እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ነገር ነው። በ2004 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በጡት ካንሰር ዕጢ ውስጥ አገኘነው አሉ፤ ካንሰሩን አመጣ ግን አላሉም። ወሬው ግን ከጥናቱ ቀድሞ ሮጠ። ሻጮቹ ፓራቤንን አባረው ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባል፣ ስሙን ለመጥራት ጥርስ የሚጠይቅ ነገር ተኩ። እሱ ደግሞ የስንቱን ቆዳ አስቆጣ! የአሜሪካ የንክኪ ቆዳ ቁጣ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 «የዓመቱ አለርጂ አምጪ» አለው፤ አውሮፓም ተቀብተው በማይታጠቡት ቅባቶች ውስጥ በ2017 ከለከለችው። ያው ማኅበር በ2019 ፓራቤንን ምን ብሎ ሾመው መሰላችሁ? «የዓመቱ አለርጂ የማያመጣ!» ካርቶኑ ላይ ግን እስከ ዛሬ ስሙ እንደጠፋ ነው።

ጡረታ እስክወጣ የጉምሩክ ፈታሽ ነበርኩ፤ ዕቃ ሳላገላብጥ አሳልፌ አላውቅም። መነጽሬን አድርጌ የጀርባውን ጽሑፍ አነበብኩ። ዝርዝሩ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው የሚሄደው። አንደኛ ውሃ። ሁለተኛ ግሊሰሪን፤ ፋርማሲ በርካሽ የሚሸጠው ግሊሰሪን! ካርቶኑ ላይ ሥዕሉ የተሳለለት የፍሬ ዘይት ፌኖክሲኤታኖል ከሚባለው የብልሽት መከላከያ ኋላ ተወሽቋል። ፌኖክሲኤታኖልን አውሮፓ ከ1 በመቶ በላይ አትፈቅድም፤ እንግዲህ ከሱ ኋላ የተሰለፈው ስንት ጠብታ እንደሆነ እናንተው ገምቱ። መጨረሻው ላይ ሊሞኒንና ሊናሉል አሉ፤ ከብርቱካን ልጣጭና ከላቬንደር የሚገኙ ሽታዎች ናቸው። ተፈጥሯዊ ናቸው፤ አየር ሲያገኛቸው ግን ቆዳ የሚያስቆጡትም እነሱው ናቸው።

ፊቴን ለሁለት ከፈልኩት። ቀኙን ለአዲሱ ቅባት፣ ግራውን ለቫዝሊን ሰጠሁ፤ አየሩን የሚያደርቀው ሂተርም ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል። ቀኙ ሲቀቡት ሐር ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል፤ ረፋዱ ላይ ግን ተመልሶ ይወጠራል፣ ጆሮዬ ሥር ደግሞ ያሳክከኛል። ግራው እስከ ማታ አልደረቀም። ቫዝሊን ውሃ አይጨምርም፤ ያለው እንዳይተን ይከድናል። ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ የሸሚዝ ኮሌታ ያበላሻል፤ ፊቴም ስላብረቀረቀ የልጅ ልጄ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አንስታኛለች።

ፍርዴ ይኸው ነው። ቅባቱ መጥፎ አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራለት ግሊሰሪኑ ነው፤ 68 ዶላሩ የተከፈለው ግን ለፍርሃቱ ነው። እናንተም የካርቶኑን ፊት ተዉትና ጀርባውን አንብቡ። ሽቶ የሌለበትን ምረጡ፤ ፊታችሁ ከታጠበ በኋላ ሳይደርቅ ቀቡት። ካሳከካችሁ ግን ክሊን ሆነ አልሆነ ታጥባችሁ ጣሉት።